የሙሉሸዋ ዕድር

«ቁርስዎ ቀርቧል፤ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ» አለች አጸደ። ይህን የተናገረችው ለእንግዳ አልነበረም። እናቷ ስትሞትባት ገና በስድስት ዓመቷ ከአዲስ አበባ አምጥታ ላሳደገቻት፣ ፀጉሯን ጎንጉና ትምህርት ቤት ለሸኘቻት፣ ትኩሳት በያዛት ቁጥር አልጋዋ ጥግ ተቀምጣ ላደረችላት ለእህቷ ልጅ ለምርቃት ነው። «ምርቄ» ነበር የምትላት፤ ስትቆጣ ደግሞ «አንቺ ልጅ»። አሁን ግን አክስቷ አንቱ ማለት ከጀመረች ሁለት ሳምንት አለፈ። ሳትጮህ፣ ሳትሳደብ፣ ሻይዋን ሳትነፍጋት፣ የታጠበ ልብሷን ከገመዱ አውርዳ እያጠፈች አልጋዋ ላይ እያስቀመጠችላት፣ አንቱ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ምርቃት ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር። አብሯት የሚስቅ ሲጠፋ ነው ነገሩ የገባት።

ቤቱ ናይሮቢ ውስጥ፣ ካሳራኒ ነው፤ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። ከሳሎኑ መስኮት የሚታየው የማዶው ሕንፃ ሰዎች ያሰጡት ልብስ ነው። ውሃ እንደልብ ስለማይመጣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር እስከ ሶፋው ጀርባ ድረስ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። የአጸደ ባል ጋሽ ባንታየሁ፣ ጉልበቱ እምቢ ብሎት የጭነት መኪና መንዳቱን ከተወ ወዲህ ከዚያ ሶፋ ላይ ብዙም አይነሳም። ራዲዮኑን ጆሮው ሥር ያደርጋል፤ ላየው ዜና የሚከታተል ይመስላል፤ ሰሞኑን ግን የሚያዳምጠው የሁለቱን ሴቶች ዝምታ ነው። ያን ጠዋት የስኳሩን ዕቃ ወደ ምርቃት ገፋ አደረገላት። ከዚያ የበለጠ ማስታረቅ አልቻለበትም። «ስኳር ደግሞ ጨመረ አሉ» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «ዳቦው ዋጋው እንዳለ ነው፤ ግን እዩት፣ መዳፌን አያክልም።»

«ስማኝ ባንታየሁ» አለች አጸደ ነጠላዋን እያስተካከለች። «የካርጎው ሰውዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው የምጠብቃችሁ ብሏል። ያ ካለፈ የነገው አውሮፕላን ላይ ቦታ የለም። የሬሳ ማቆያውም በየቀኑ ያስከፍላል። ዌስትላንድስ ሄጄ እነዚያን ሰዎች እለምናቸዋለሁ። መቼም እነሱም ሰው ናቸው፤ ሬሳ ያከብራሉ።»

ዓይኗ ባሏ ላይ ነበር፤ ቃሉ ግን ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠችው ነው። ከ«እነዚያ ሰዎች» አንዷ ምርቃት ናትና። ምርቃት ሻዩን እንደ መድኃኒት ጨልጣ ጠጣችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ጋሽ ባንታየሁ «በቃ ተያት፤ ሰምታለች እኮ፤ ልጅ ናት» ሲል፣ አክስቷም «የኔ ልጅ ብትሆን ኖሮ» ብላ ሳትጨርስ ስትተወው ሰማች።

ሬሳው የሙሉሸዋ ነው። ሙሉሸዋ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር የአንድ ማደሪያ ቤት ክፍሎች የምታጸዳ፣ ባልም ልጅም የሌላት፣ በስደተኛ ወረቀት የምትኖር ዝምተኛ ሴት ነበረች። ባለፈው ሳምንት አንሶላ እያጠፈች ሳለ «ራሴን» አለችና ተቀመጠች፤ በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ሆስፒታሉ ሂሳቡ ሳይከፈል ሬሳ አልሰጥም ስላለ የዕድሩ ሴቶች ከየጉያቸው አዋጡ፤ ምርቃትም ከደመወዟ የተረፋትን ሁሉ ጨመረች። እሱ ሁሉ ለሆስፒታሉ ሄደ። ሬሳውን ወሎ፣ ሐይቅ ድረስ፣ እናቷ ወዳሉበት አገር መላኪያው ግን ሊያሳስባቸው አይገባም ነበር። ዕድሩ ለዚሁ ቀን ሲል ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ አለ። ገንዘብ ያዧ እዚያው ኢስትሊ ምግብ ቤት ያላት አጸደ ናት፤ ዕድሩ ተመዝግቦ ወረቀት ስላላወጣ ሂሳቡ የተከፈተው በእሷ ስም ነው። ያስቀመጠችውም ሰዎች በበሩ ቀለም የተነሳ «ሰማያዊው ባንክ» እያሉ በሚጠሩት ባንክ ነው። ሰማያዊው ባንክ ደግሞ ተዘግቷል።

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ የከተማው ሚኒባስ፣ ማታቱው፣ ዋጋ ጨምሯል። ኮንዳክተሩ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ታውን! ታውን ሚያ!» ይላል፤ መሀል ከተማ በመቶ ሽልንግ ማለቱ ነው። ምርቃት መስኮት ጥግ ተቀመጠች። መንገዱ ተዘጋግቶ እያዘገሙ ሳለ ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ባንኩ ማውራት ጀመሩ። አንደኛው የብረታ ብረት ሱቅ አለኝ የሚል ነው። «ዋኩብዋ ዋሊቶዋ ዛዎ ጃና ያኬ» አለ፤ ትልልቆቹ ባንኩ ሊዘጋ በዋዜማው የራሳቸውን አውጥተዋል ማለቱ ነው። ሁለተኛው ማን ነግሯቸው ቢለው «ሊመረምሩ የገቡት ናቸዋ! ሌላ ማን ያውቃል? ለየዘመዶቻቸው ደወሉ፤ በሩ ላይ የቀረነው ዘመድ የሌለን ነን» አለው። ምርቃት ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች። ሰውየው ግማሹን አልተሳሳተም። ትልልቆቹ በዋዜማው አውጥተዋል። እሷ ራሷ አይታዋለች።

ምርቃት የምትሠራው ዌስትላንድስ ካሉት የኦዲት ድርጅቶች በአንዱ ነው። ባንኮችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሰማያዊውን ባንክ ሲጠራጠረው መዝገቡን መርምሩልኝ ብሎ የእሷን ድርጅት ቀጠረ። ሥራው ሲጀመር ሁሉም ምስጢር ለመጠበቅ ፈረሙ። አለቃዋ ሙቱኩ ያን ዕለት የተናገረውን አልረሳችውም። «ለአንድ ሰው ብትነግሩ እሱ ለሌላው ይነግራል፤ እስከ ምሳ ሰዓት በሩ ላይ ሰልፍ ይሆናል። ሰልፉ ላይ መጀመሪያ የሚደርሰው መኪና ያለው ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ድሃው ነው፤ እሱ ሲደርስ ሣጥኑ ባዶ ነው። ዝም የምንለው ለመጨረሻው ሰው ስንል ነው።» ምርቃት ይህን ከልቧ አምናው ነበር። መዝገቡ ውስጥ ስትገባ ባለቤቶቹ የሕዝቡን ገንዘብ ለራሳቸው ኩባንያዎች እያበደሩ እንደበሉት አየች። ያየችውን ጽፋ አስረከበች፤ ዝምም አለች።

ታዲያ በዚያው ሰሞን አንድ ቀን፣ አጸደ ሳሎኑ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ምርቄ፣ ይሄ ሰማያዊው ባንክ እንዴት ነው? የተሻለ ወለድ ይሰጣል አሉ። የዕድሩን ብር እዚያ ባዞረው ምን ይመስልሻል? አንቺ የባንክ ሰው ነሽ» አለቻት። ምርቃት እጇ ላይ የነበረውን ስልክ ገልበጥ አድርጋ ሶፋው ላይ አስቀመጠች። ያኔ ባንኩ ይድናል የሚል ወሬም ነበር፤ አዲስ ገዢ መጣ ሲባል ነበር። «እኔ እንጃ እቴቴ» አለችና ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። አጸደ ገንዘቡን አዞረችው። ባንኩ የታሸገ ዕለት ደግሞ ኢስትሊ ቅርንጫፍ በር ላይ ማስታወቂያውን ሊለጥፉ ከገቡት መካከል አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለችው የእህቷ ልጅ ነበረች። አጸደ የቲማቲም ከረጢት ይዛ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየቻት። ማታ ምርቃት ቤት ስትገባ «እንደምን አመሹ» አለቻት። አንቱታው የጀመረው ያን ለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ምርቃት የዌስትላንድሱን ዋና ቅርንጫፍ መዝገብ ስታገላብጥ የዋዜማውን ወጪዎች ያገኘችው። ስሞቹን ታውቃቸዋለች፤ ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ያውቃቸዋል። ለሙቱኩ አሳየችው። ሙቱኩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸና «ይጣራል» አላት። በአገሩ ሁሉ የምስጢሩ ቃል የጸናው እነሱ ሳሎን ውስጥ ብቻ መሰላት።

ተቆጣጣሪው ባንኩን እንዲያስተዳድሩ የሾማቸው ሰዎች በዋናው ቅርንጫፍ ምድር ቤት አንድ ጠረጴዛ ዘርግተዋል። ገንዘቡ በሙሉ ታግዷል፤ ሕክምናና ቀብር ያለበት ሰው ግን ማስረጃ አቅርቦ ጥቂት ሊወጣለት ይችላል። የሚፈቀደው ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው። ምርቃት የተመደበችው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። አዳራሹ ቀድሞ ሀብታሞች የሚስተናገዱበት ስለነበር ወንበሮቹ ቆዳ ናቸው፤ ወለሉ ላይ ፊት ይታያል። አሁን ግን ሰዎቹ ወንበሮቹ ላይ ዳር ዳሩን ነው የሚቀመጡት፤ እንዳያቆሽሹት የሚፈሩ ይመስል። ያን ጠዋት መጀመሪያ የቀረበችው ኩለሱም ነበረች፤ ከአጸደ ምግብ ቤት አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ። የልጇን የቀዶ ሕክምና ወረቀት ዘረጋች። ወረቀቱ ሙሉ ነበር፤ ተፈቀደላት። ኩለሱም የምርቃትን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ መረቀቻት፤ ምርቃትም ለአፍታ ሥራዋን ወደደችው። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ለልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ጠየቁ። ትምህርት አይፈቀድም። ሽማግሌው ቆባቸውን አድርገው፣ ማንንም ሳይወቅሱ ወጡ።

አጸደ የደረሰችው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ነጠላዋን በጥቁር ሻርፕ ለውጣለች፤ ከኢስትሊ ሁለት ማታቱ ቀይራ ስለመጣች ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ባለው ምንጣፍ ደጋግማ ስትጠርገው ምርቃት ከሩቅ አየቻት። ደንቡ ግልጽ ነው። ዘመድ ከመጣ መነሳትና ለሌላ ሠራተኛ ማሳለፍ። ነገር ግን አጠገቧ ያለው ልጅ ማስረጃው ያልተሟላ ሰው ገና ሳይቀመጥ ነው የሚመልሰው። ምርቃት አልተነሳችም።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች አጸደ። «ቀብር ስላለብኝ እንዲረዱኝ ነው የመጣሁት።» እዚህ ቦታ አንቱታው የወግ ነው፤ ጠረጴዛ አለ፤ ሰልፍ አለ። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ምርቃትን ይበልጥ ያመማት።

«የሟቿ ስም?» አለች ምርቃት፣ እንደማታውቀው ሁሉ። አጸደ ተናገረች። የሆስፒታሉን ወረቀት አወጣች። ምርቃት ጻፈች። ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ መጣ፤ መዝለል ቢቻል ትዘለው ነበር።

«ዝምድናችሁ?»

አጸደ የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «እህቴ ናት» አለች።

አጸደ ያለቻት እህት አንዲት ነበረች፤ እሷም የምርቃት እናት ናት። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ምርቃት ለአፍታ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቆየችና «እህት» ብላ ጻፈች።

ሙቱኩ ክፉ ሰው አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ የቀረበለትን ሁሉ በቆመበት እያነበበ ይፈርማል፤ አንዳንዱን ሰው ይቅርታ ብሎ በር ድረስ ይሸኛል። የአጸደን ወረቀት ሲያይ ግን ቆመ። በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእናንተ አገር ሰዎች እህትማማቾች ከሆኑ የአባት ስማቸው አንድ ነው አይደል? እዚህ ይለያያል» አላት።

«የእናት ልጅ ልትሆን ትችላለች» አለች ምርቃት።

«ልትሆን ትችላለች ወይስ ናት?» አጸደን አያት፤ እሷን አያት። «ሌላ ማስረጃ የላትም። አንቺ የአገሯ ልጅ ነሽ። አውቃቸዋለሁ፣ እህትማማቾች ናቸው ካልሽኝ እዚህ ላይ ፈርሚ፤ እኔም እፈርማለሁ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ግን ሥራሽን ማጣት ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ቤትም አለ። ይህን ነግሬሻለሁ።»

ምርቃት ብዕሩን አነሳች። ስለ ምንም እያሰበች አልነበረም፤ ቢያንስ በኋላ ስታስታውሰው እንደዚያ ነው የሚመስላት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። አጸደ ናይሮቢ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ እንግሊዝኛ ባትናገርም የሚባለው አይጠፋትም። የሙቱኩን አፍ አየች፤ ብዕሩን አየች፤ ብዕሩን የያዘውን እጅ አየች።

«ሀፓና» አለች ድንገት በስዋሂሊ። አይደለም። «ሲ ዳዳ ያንጉ። እህቴ አይደለችም፤ የዕድሬ ሰው ናት። ተሳስቼ ነው።»

ሙቱኩ «ፖሌ ሳና ማማ» አላት፤ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው፤ ፊቱም ያዘነ ይመስል ነበር። ወረቀቱን ከምርቃት እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደና አንድ መስመር ሰረዘበት። አጸደ ተነሳች፤ አመሰገነች፤ ሻርፗን አስተካክላ ጭቃ ያልነካውን የወለሉን ክፍል እየመረጠች ወጣች።

«በዋዜማው ያወጡትን ሰዎች» አለች ምርቃት፣ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ከፍ ብሎ፣ «በዋዜማው ያወጡትን ዝምድና የጠየቃቸው አለ?»

የተሰለፉት ሰዎች ቀና አሉ። ሙቱኩ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ይጣራል አልኩሽ» አላት። ከዚያም ጨመረ። «ያኔ ለምን ዝም እንዳልን አንቺም ታውቂያለሽ። አፋችንን ብንከፍት ያቺ ልጇን የምታሳክመው ሴት ዛሬ የምታወጣው ሳንቲም አይኖርም ነበር። ልክ አይደለሁም?» ልክ ነበር። ችግሩም እሱ ነው፤ ልክ ባይሆን ኖሮ ትጮህበት ነበር። «ዛሬ ቤትሽ ሂጂ» አላት። ምርቃት መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አክስቷን ፍለጋ ወጣች።

አጸደን ያገኘቻት ማታቱ መጠበቂያው ላይ ነው። ከኋላዋ መስታወት የለበሰ ካፌ አለ፤ በር ላይ በተለጠፈው ዋጋ አንድ ስኒ ቡና የአጸደ ምግብ ቤት ውስጥ ምሳ ያበላል። መኪናው አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

«ልፈርም ነበር እኮ» አለች ምርቃት። «ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«አየሁሽ» አለች አጸደ፣ መንገዱን እያየች። «ወረቀቱን ሳታስቢ ነው የሳብሽው። እናትሽም እንደዚያ ነበረች። እሷን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን ደግሞ ለእስር ቤት ብዬ አላሳደግኩሽም።»

አንቺ ተመለሰ። ድምፁ ግን የዱሮው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ነው ያስቀመጠችው።

«እቴቴ፣ ያኔ ብነግርሽ ኖሮ…»

«ብትነግሪኝ ዝም እል ነበር መሰለሽ? ለኩለሱም እነግራት ነበር። እሷ ለእህቷ ትነግራለች። ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሥራሽ ነው፣ ይገባኛል።» እዚህ ላይ ዞር ብላ አየቻት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። «‹እኔ እንጃ› አልሽኝ። ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠሽ፣ እያወቅሽ፣ ‹እኔ እንጃ›። ‹እቴቴ ይሄን አትጠይቂኝ› ብትይኝ ምን ነበረበት? እሱስ ምስጢር ማውጣት ነው? እኔ እኮ ፊትሽን አይቼ እተወው ነበር።»

ምርቃት እንደዚያ ማለት እንደሚቻል አስባው አታውቅም ነበር። ማታቱ መጣና ገቡ። አጸደ የሁለቱንም ሂሳብ ከፈለች፤ እንደ ልጅነቷ ጊዜ፣ ሳትጠይቃት።

ምግብ ቤቱ ኢስትሊ ውስጥ ከስልክ መጠገኛ ሱቆች በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ያን ቀን ለደንበኛ ተዘግቷል። የዕድሩ ሴቶች በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከታች የሻጮች ማይክሮፎን ይጮኻል፤ የሚሸጠው የልጆች ጫማ ነው። ሴቶቹ አጸደ ስትገባ ፊቷን ብቻ አይተው ተረዱ። የጠየቃት የለም። የዕድሩ ሊቀ መንበር እትዬ ደስታ ናት፤ ልብስ ስፌት ስትሠራ የኖረች፣ ዓይኗ የደከመ አሮጊት። እንደገና ይዋጣ የሚል ሐሳብ ተነሳ። አንዷ የቤት ኪራይዋን እንደከፈለች፣ አንዷ ለሆስፒታሉ ያዋጣችውን ራሱ ተበድራ እንደሰጠች፣ ሌላዋም የራሷ ገንዘብ እዚያው ሰማያዊው ባንክ እንደታሰረባት ተናገሩ። ተጨማምሮም ለአፈር እንጂ ለአውሮፕላን አይበቃም። እትዬ ደስታ ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ «እንግዲህ እዚሁ እናሳርፋት» አለች። «የካርጎውን ሰውዬ ንገሩት፤ አይጠብቀን።» አንዷ ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሞላም ነበር።

«ለእናቷስ ማን ይነግራል?» አለ አንድ ድምፅ።

መሞቷን ሐይቅ ድረስ ሽማግሌዎች ሄደው አርድተዋል። ይሄኛውን ግን ሄዶ የሚነግር ሰው የለም፤ ሬሳውን ነገ ተነገ ወዲያ እያሉ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ሁሉ ወደ አጸደ ተመለከቱ። «እኔን አትዩኝ» አለች አጸደ። «ገንዘቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ነው አፌን የምከፍተው?» ሻርፗን ዓይኗ ላይ ጣለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ሲያለቅሱ መዋል ማንም አልተቸገረበትም፤ ስልክ ማንሳት ግን ሁሉንም አቃታቸው።

«ስጡኝ» አለች ምርቃት።

ስልኩን ያነሳው አገኘሁ የሚባለው የሙሉሸዋ ወንድም ነው። «ከናይሮቢ ነው» ከማለቷ እናቱ ቀምተውት ድምፃቸው መጣ። ንፋስ ይሰማል፤ የሰዎች ወሬም ይሰማል።

«እሰይ! መቼ ትገባለች ልጄ? አገኘሁ መኪና ተነጋግሮ ጨርሷል፤ ኮምቦልቻ ድረስ ሄዶ ይቀበላታል።»

«እማማ» አለች ምርቃት። «ሙሉሸዋ አትመጣም። ነገ እዚሁ ነው የምንቀብራት።»

ከታች መንገድ ላይ የጫማ ሻጩ ዋጋ ቀነሰ፤ አንዷ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

«አልከፈለችም እንዴ?» አሉ እናትየው በመጨረሻ። «በየወሩ እከፍላለሁ ትለኝ ነበር እኮ። ‹ሌላው ሁሉ ባይሳካልኝ እንኳ ሬሳዬ አይቸገርም እማዬ› ትለኝ ነበር።»

«ከፍላለች እማማ። አንድ ወር አላጓደለችም።»

«ታዲያ?»

«ያስቀመጥንበት ባንክ ተዘግቶ ነው።»

«ባንክ ይዘጋል?» ሴትዮዋ ከልባቸው ነው የጠየቁት። «ጠባቂ የለውም?»

«አለው» አለች ምርቃት። ቀጥላ ልታስረዳ ፈለገች፤ ስለ ሰልፉ፣ ስለ መጨረሻው ሰው፣ ስለ ዋዜማው። እንግሊዝኛው ሁሉ ነበራት። አማርኛው እዚያች ቃል ላይ አለቀባት።

«አብሽሪ ልጄ፤ አታልቅሺ» አሉ እናትየው። የሚያለቅሱት ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ነበሩ፤ የሰሙት እነሱን ነው። «ምን ታደርጉ፤ እናንተም ሰው አገር ናችሁ። ሐዘኑ የእናንተም ነው። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጉድጓዷ ተቆፍሯል። ልጆቹ ትመጣለች ብለው ከትናንት ወዲያ ነው የቆፈሩላት፤ ድንጋዩ አስቸግሯቸው ነበር። እኔም ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ክፍቱን ሲያድር ደግሞ አገሬው አይወድም። ምን ይሁን ትያላችሁ? ይደፈን?»

ምርቃት ቀና ብላ ሴቶቹን አየች። እትዬ ደስታ ጉልበቷን እያየች ነው። አጸደ ሻርፗን ከዓይኗ አንስታ ምርቃትን ታያታለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ምሕረትም የለም፤ ትጠብቃለች ብቻ።

«ይደፈን፣ እማማ» አለች ምርቃት።

«እሺ» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው። ከዚያ ስልኩን ከአፋቸው ሳያርቁ፣ እዚያ ማዶ ላለ ሰው፣ በጠና ድምፅ፣ «አገኘሁ! አትመጣም ብለዋል! አካፋውን አምጡት!» ብለው ተጣሩ። ስልኩን መዝጋት ረሱት። ምርቃትም አልዘጋችውም። የመጀመሪያው አፈር ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ እስክትሰማ ድረስ ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆመች።